የሮል ፕሌይ ክለብ በአንድ ደንብ ብቻ መጫወት አለበት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክለብ ሊመሠርቱ የተነሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛውን ደንብ እንያዝ?» ብለው ነው። ክለቡ ዓመት ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ይቀየራል። «ይሄ ሁሉ ደንብ ከሚበታትነን ለምን አንዱን ብቻ አንይዝም?» ይሉኛል። እኔ ሚኒሶታ ውስጥ፣ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰበሰብ ክለብ ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ መርቻለሁም። ሁለቱንም መንገድ ሞክረናል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው ስለየትኛው ጨዋታ ነው?

ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። አንዱ መሪ ይሆናል። ዓለሙን ይገልጻል፤ ጠላቱንም፣ ባለሱቁንም፣ ንጉሡንም ሆኖ ይናገራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገፀ ባህሪ ይይዛሉ። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ትላላችሁ። ይሳካ አይሳካ የሚለየው ዳይስ ሲጣል ነው።

ከሁሉም የታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አዘጋጅተውት በ1974 ወጣ። የመጀመሪያው ህትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አርነሰን የዚሁ የሚኒሶታ ልጅ ነው። ዛሬ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሞላባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ነው የጨዋታውን መነሻ ከጓደኞቹ ጋር የተጫወተው። ይህን ባወቅሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

«ደንብ» ሲባል ምን ማለት ነው? ልዩነቱስ ያን ያህል ይሰማል?

ይሰማል። መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ዲ ኤንድ ዲ ላይ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትጥላላችሁ። በወጣው ላይ ችሎታችሁን ትደምራላችሁ። ድምሩ መሪው ከያዘው ቁጥር ከደረሰ ተሳካ። እያንዳንዱ ገጽ የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። 1 መውጣቱም 20 መውጣቱም እኩል ስለሆነ ነገሩ በድንገት ይገለባበጣል። በ1981 የወጣው ኮል ኦቭ ክቱሉ የሚባለው የምርመራና የፍርሃት ጨዋታ ደግሞ በመቶኛ ይሄዳል። የገፀ ባህሪያችሁ ወረቀት ላይ «መዝገብ መፈተሽ 60» ተብሎ ከተጻፈ፣ 60 ወይም ከዚያ በታች ሲወጣ ይሳካላችኋል። በ2010 ከወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የተወለዱት ጨዋታዎች ሁለት ተራ ዳይስ ብቻ ናቸው የሚጠቀሙት። ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን አንድ ነገር ያስከፍላችኋል። 6ና ከዚያ በታች ከሆነ መሪው ነገሩን ያከብደዋል።

ሂሳቡ ግን ትንሹ ልዩነት ነው። ትልቁ ልዩነት ገፀ ባህሪው ምን እንደሚሆን ነው። ዲ ኤንድ ዲ ላይ ሰውዬው እያደገ ይሄዳል። ደረጃ 1 ላይ አንድ ጎራዴ የያዘ ሽፍታ ሊገድለው ይችላል። ደረጃ 10 ሲደርስ ግዙፍ ፍጡር ይገጥማል። ኮል ኦቭ ክቱሉ ላይ ደግሞ የሕይወት ነጥባችሁ መጀመሪያም መጨረሻም ደርዘን ገደማ ነው። የምታዩት ነገር እየከፋ ሲሄድ የአእምሮ ጤናችሁ ይቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጨዋታ በሩ ሲንኳኳ ሰይፍ ይመዘዛል። በሁለተኛው መስኮቱ የት እንዳለ ይፈለጋል። ማንም «ሩጡ» ብሎ አላዘዘም። ደንቡ ራሱ ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

አጭሩ መልስ ምንድነው? አንድ ደንብ ወይስ ብዙ?

አንድ ጥያቄ መልሼ እጠይቃችኋለሁ። እናንተ ክለብ ውስጥ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚዞረው ምንድነው? ሰው ነው ወይስ ገፀ ባህሪ?

እቁብን አስቡ። እቁብ ውስጥ ደንቡ ለሁሉም አንድ የሆነው ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ነው። እያንዳንዱ ደስ ያለውን ያህል እየጣለ እኩል ማንሳት አይችልም። ቡና ግን እንደዚያ አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤት ሲጠራራ አንዱ ቤት በስኳር፣ ሌላው ቤት በጨው ይጠጣል። እንግዳው ይዞራል እንጂ ሲኒውን ይዞ አይዞርም።

ደረጃ 5 የደረሰ ተዋጊያችሁ ከነሰይፉ፣ ከነወርቁ ዛሬ እኔ ጠረጴዛ፣ ነገ ሌላ ሰው ጠረጴዛ የሚቀመጥ ከሆነ ክለባችሁ እቁብ ነው። ደንቡ የግድ አንድ መሆን አለበት፤ ክርክር የለውም። የሚዞሩት ሰዎቹ ብቻ ከሆኑ ግን ክለባችሁ ቡና ነው። እኔ ካየኋቸው ክለቦች አብዛኞቹ ቡና ናቸው። ችግራቸው ራሳቸውን እንደ እቁብ ማየታቸው ነው።

በአንድ ደንብ መጠቃለል በደንብ የሠራበት ቦታ አለ?

አለ። በትልቁ ሠርቷል።

የ1974ቱ ደንብ ብዙ ክፍተት ነበረው። እያንዳንዱ ከተማ ክፍተቱን በራሱ መንገድ ሞላው። ገበጣ ከቦታ ቦታ፣ ካርታ ከሰፈር ሰፈር ደንቡ እንደሚለያየው ማለት ነው። አዲስ ሰፈር ሄዳችሁ ኮንከር ልትጫወቱ ስትቀመጡ መጀመሪያ «እዚህ እንዴት ነው የምትጫወቱት?» ትሉ የለ? ልክ እንደዚያ ነበር።

ይህ ቤት ውስጥ ማንንም አልጎዳም። ችግሩ የመጣው ትልልቅ ጉባኤዎች ላይ ነው። ጄን ኮን የሚባለው የጨዋታ ጉባኤ በ1968 ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀመረ። በእንደዚህ ዓይነት ጉባኤዎች ላይ ከሩቅ የመጡ ሰዎች በቡድን ተከፋፍለው አንድ ዓይነት ጀብዱ፣ ማለትም የተዘጋጀ ታሪክ፣ ይጫወታሉ። ነጥብ ይያዛል፤ አሸናፊ ይለያል። በየጠረጴዛው ያለው ዳኛ በየራሱ ደንብ ከፈረደ ነጥቡ ምን ዋጋ አለው? ጋይጋክስ ከ1977 እስከ 1979 «አድቫንስድ» የሚል ስም የያዙትን ሦስት የደንብ መጻሕፍት ሲያወጣ አንዱ ዓላማው ይህ ነበር። የትም ብትሄዱ ጨዋታው አንድ ይሁን አለ። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ከጨዋታው ጋር አብሮ ያደገ ነው።

በ1980 አሳታሚው ቲኤስአር የተጫዋቾች ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ «ሕያው» የሚባሉት ዘመቻዎች፣ ማለትም በየጊዜው የሚቀጥሉ ረጃጅም ታሪኮች፣ መጡ። ከሁሉም የሚገርመኝ ከ2000 እስከ 2008 የቆየው ሊቪንግ ግሬይሆክ ነው። እውነተኛውን ዓለም ከምናባዊው ካርታ ጋር አዛመዱት። የምትኖሩበት ቦታ የምትጫወቱበትን ግዛት ይወስናል። ብሪታኒያ የሚኖር ተጫዋች ኦንዋል የሚባል ግዛት ሰው ነበር። አንድ ጀብዱ ስትጨርሱ ያገኛችሁት ወርቅ፣ ልምድና ዕቃ የተመዘገበበት ወረቀት ይሰጣችኋል። ያን ወረቀት ይዛችሁ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር ሄዳችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር መቀጠል ትችላላችሁ። ለስደተኛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከተማ ቀየራችሁ፣ ዘመድ የላችሁም፣ ግን የያዛችሁት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣችኋል። ፓይዞ የሚባል ሌላ ኩባንያ በ2008 የጀመረው ፓዝፋይንደር ሶሳይቲና በ2014 የመጣው የዲ ኤንድ ዲ አድቬንቸረርስ ሊግም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ዋጋውን ግን እዩ። ገፀ ባህሪው እንዲዞር መሪው ነፃነቱን ይሰጣል። የትኛው መጽሐፍ ይፈቀዳል የሚለው ከላይ ይወሰናል። አድቬንቸረርስ ሊግ ላይ ለብዙ ጊዜ አንድ ገፀ ባህሪ የሚሠራው ከዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍና ከአንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ብቻ ነበር። መሪው «ይህን ያህል ደክመሃልና የአያትህን ሰይፍ ልስጥህ» ብሎ ከልቡ ያመጣውን ዕቃ መስጠት አይችልም። ከሰጠ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ ያለ መሪ ያ ሰይፍ ይመጣበታል። ለትልቅ መረብ ይህ ተገቢ ዋጋ ነው። ለሦስት ጠረጴዛ ግን በጣም ውድ ነው።

እኛ 20 ሰው እንኳ አንሞላም። አንድ ደንብ ብንይዝ አይቀለንም?

እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። 18 አካባቢ ነበርን። አንድ ቅዳሜ ተሰበሰብንና ከዛሬ ጀምሮ ዲ ኤንድ ዲ ብቻ ብለን ወሰንን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሁሉም አንድ መጽሐፍ ያውቃል፣ ማንም ሰው ማንም ጋ መቀመጥ ይችላል፣ ክርክር ያበቃል።

ከመካከላችን በወር አንዴ የምርመራና የፍርሃት ጨዋታ የሚመራ ሰው ነበር። አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። ዝም ብሎ መምጣት ተወ። ከዚያ ከእሱ ጋር የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ሦስተኛዋ «ሥራ በዛብኝ» አለች። ሰው ሥራ በዛብኝ ሲል ሁልጊዜ ሥራ አይደለም፤ ይህን ስንረዳ ወራት አልፈው ነበር።

እኛ አንድ ደንብ የቀነስን መስሎን ነበር። የቀነስነው ግን መሪ ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚጠፋው መጽሐፍ አይደለም፤ ተጫዋችም አይደለም። መሪ ነው። ከ18 ሰው መምራት የሚፈልጉት አራት ነበሩ። መምራት ቀላል ሥራ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ቤት ውስጥ ሰዓታት ይወስዳል፤ ክፍያ የለውም። ሰው ያን ሁሉ የሚደክመው ለሚወደው ጨዋታ ነው። የማይወደውን ጨዋታ የሚመራ ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያስታውቃል፤ ድምፁ ይቀዘቅዛል፣ ሰዓቱን ያያል።

ከስምንት ወር በኋላ ውሳኔውን አነሳን። ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ተመለሰ። ሁለቱ ግን አልተመለሱም፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ለአዲስ ሰው ግን አንድ ደንብ ይሻላል፣ አይደለም?

ለመጀመሪያው ቀን፣ አዎ። ለዚህ ነው እኛ አሁን «የበሩ ጠረጴዛ» የምንለው ነገር ያለን። በየሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ደንብ ይጫወታል፤ ለማንም ክፍት ነው። የእኛ ዲ ኤንድ ዲ ነው፤ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ስለሚመጣ። አዲሱ ሰው የተሞላ የገፀ ባህሪ ወረቀት ይሰጠዋል። «ይህን ዳይስ ጣል፣ ይህን ቁጥር ደምር» ይባላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየተጫወተ ነው። መጽሐፍ አንብቦ የሚመጣ ሰው የለም፤ አያስፈልግምም።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መጥታ ሦስት ሳምንት ተጫወተች። ዘንዶና ሰይፍ አልጣማትም። «ጨዋታው ይሄ ከሆነ ለእኔ አይደለም» ብላ ሄደች። ያን ጊዜ የምናሳያት ሌላ ጠረጴዛ አልነበረንም። ደንቡን ከከፈትን በኋላ ጠርተናት አንድ የምርመራ ጨዋታ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ያን ጠረጴዛ የምትመራው እሷ ናት።

ሁለተኛ ደንብ መማር እንደ መጀመሪያው አይከብድም። ለዓመታት አንድ ብቻ ለተጫወተ ሰው ግን ይከብደዋል፤ የሚያውቀው ደንብ የጨዋታው ተፈጥሮ መስሎ ስለሚታየው።

መሪው በድንገት ቢቀርስ?

ለአንድ ደንብ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ይህ ጠንካራው ነው። ሁሉም አንድ ደንብ ካወቀ ሌላ ሰው ተነስቶ ሊተካ ይችላል። እውነት ነው። የእኛ መፍትሔ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፖስታ ነው። ውስጡ በሦስት ሰዓት የሚያልቅ አጭር ጀብዱ፣ አምስት የተሞሉ ወረቀቶችና ዳይስ አለ። መሪ ከቀረ ፖስታው ይከፈታል። ዘመቻው ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል።

ሁሉንም ዓይነት ታሪክ የሚችል አንድ ደንብ የለም?

ተሞክሯል። በ1986 የወጣው ገርፕስ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይዛችሁ ባላባትም፣ ጠፈርተኛም፣ መርማሪም መጫወት ትችላላችሁ። የሚወዱት ሰዎች አጥብቀው ይወዱታል፤ ምክንያት አላቸው።

ግን ነጠላን አስቡ። ነጠላው አንድ ነው። ለሠርግና ለለቅሶ ግን አለባበሱ ይለያያል፤ ጥለቱ የት እንደሚውል ያየ ሰው ወዴት እንደምትሄዱ ያውቃል። ገርፕስም እንደዚያ ነው። መሪው ከሰፊው ደንብ ውስጥ የትኛውን እንደሚጠቀም፣ የትኛውን እንደሚተው ይመርጣል። ስለዚህ ሁለት የገርፕስ ጠረጴዛዎች ስማቸው አንድ ሆኖ አጫዋወታቸው ሊለያይ ይችላል። ክለቡ አንድ ስም ያገኛል እንጂ አንድ ደንብ ላያገኝ ይችላል።

አንድ ደንብ ከያዝን በኋላ ኩባንያው ቢቀይረውስ?

ይቀይረዋል። ይህን ጥያቄ ሰዎች በበቂ አይጠይቁትም።

በ2008 ዲ ኤንድ ዲ አራተኛውን እትም አወጣ። አጨዋወቱ በጣም የተለየ ነበር። ሊቪንግ ግሬይሆክም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ስምንት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲያጠራቅሙ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዱ ወደ አዲሱ ሄደ፤ ሌላው በአሮጌው ቀረ። ፓይዞ የሚባለው ኩባንያ ያንኑ አሮጌ ደንብ አሻሽሎ በ2009 ፓዝፋይንደር ብሎ አወጣው። ይህን ማድረግ የቻለው ደንቡ በ2000 በክፍት ፈቃድ፣ ማለትም ሌሎችም እንዲጠቀሙበት በሚፈቅድ ውል፣ ስለተለቀቀ ነው። ፓዝፋይንደር ሶሳይቲ ራሱ በመጀመሪያው ዓመት የተጫወተው በዲ ኤንድ ዲ ደንብ ነበር፤ በዓመቱ ወደ ራሱ ተሻገረ። በ2019 ሁለተኛው የፓዝፋይንደር እትም ሲመጣ ደግሞ አዲስ ዘመቻ፣ አዲስ ገፀ ባህሪ ከዜሮ ተጀመረ። «አንድ ደንብ» ይዘናል የሚሉትም በጊዜ ውስጥ ሲታዩ አንድ ደንብ አልያዙም ማለት ነው።

ከዚያ ጥር 2023 መጣ። የዲ ኤንድ ዲ ባለቤት ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ያን የ2000ውን ክፍት ፈቃድ ሊለውጥ ያዘጋጀው ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። በፈቃዱ ላይ ተመሥርተው ለዓመታት ሲያሳትሙ የኖሩ ትንንሽ አሳታሚዎች ደነገጡ። ተጫዋቾች ተቆጡ። ፓይዞና ሌሎች የራሳቸውን ክፍት ፈቃድ ለማዘጋጀት ተነሱ። ጥር 27 ቀን ዊዛርድስ ወደ ኋላ ተመለሰ። የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው፤ ይህ ደግሞ ተመልሶ የሚወሰድ አይደለም። መልካም ፍጻሜ ነው። ግን ለእነዚያ ሳምንታት በአንድ ደንብ ብቻ የታሰሩ ክለቦች ልባቸው ተሰቅሎ ነበር። እኛ ጋ የፍርሃቱ ጠረጴዛ እንደተለመደው ተጫወተ።

በ2024 ደግሞ የተሻሻለው የተጫዋቾች መጽሐፍ ወጣ። አሁን ዲ ኤንድ ዲ ብቻ በሚሉ ክለቦች ውስጥ የሚሰማው ክርክር «የ2014ቱ ወይስ የ2024ቱ?» የሚል ነው።

ብዙ ደንብ ማለት ብዙ መጽሐፍ መግዛት አይደለም?

መሆን የለበትም። የ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ሲወጣ ዋጋው 49.95 ዶላር ነበር፤ ለብዙ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። መሠረታዊው ደንብ ግን በነፃ ይገኛል። የፓዝፋይንደር ደንብም በሕጋዊ መንገድ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። ለሌሎቹ መሪው አንድ ቅጂ ካለው ይበቃል። ተጫዋቹ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና እርሳስ ነው። «መጽሐፍ ሳትገዛ አትቀመጥም» የሚል ክለብ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሌላ አገር ያሉት የሚጫወቱት ዲ ኤንድ ዲ ነው?

ሁሉም አይደለም። ስዊድን ውስጥ ድራካር ኦክ ዴሞነር የሚባለው ከ1982 ጀምሮ፣ ጀርመን ውስጥ ዳስ ሽቫርትሰ አውገ ከ1984 ጀምሮ ትውልድ አሳድገዋል። ጃፓን ላይ ደግሞ ኮል ኦቭ ክቱሉ እጅግ ተወዳጅ ነው። አውሮፓ ላላችሁ ይህን የምለው በምክንያት ነው። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ክለብ ብትመሠርቱና «ሁሉም የሚያውቀውን እንያዝ» ብትሉ፣ የአገሩ ልጅ የሚያውቀው አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ ከሚያውቀው ሊለይ ይችላል። የበራችሁን ጠረጴዛ በሰፈራችሁ ምረጡ።

ድምፅ ሰጥተን ብንወስንስ?

በደንብ ላይ ድምፅ አትስጡ። የእኛ ስህተት እዚያ ነው የጀመረው። እጅ ማውጣት ምንም አያስከፍልም፤ የማይመራም ሰው ያወጣል። ከዚያ ይልቅ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉ። መምራት የሚፈልግ ሰው የጨዋታውን ስም፣ ስለምን እንደሆነ፣ ስንት ወንበር እንዳለውና ለልጆች ይሆን አይሆን ይጽፋል። ተጫዋቾች ስማቸውን ከሥሩ ያኖራሉ። ሦስት ሰው ካልሞላ ያ ጨዋታ በዚያ ሳምንት አይካሄድም፤ መሪው በሌላ ጠረጴዛ ይቀመጣል። ማንም አልተከለከለም፤ ማንም አልተገደደም።

ታዲያ ክለቡ በምን ነገር አንድ ይሁን?

በሌላው ነገር ሁሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ከተባለ 8 ሰዓት፤ በሐበሻ ቀጠሮ የተቃጠሉ ጨዋታዎች በደንብ ልዩነት ከተበላሹት ይበልጣሉ። ሁለተኛው ወንበር ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ክፍት ወንበር ይዞ ይጀምራል፤ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው እንዲቀመጥ። ሦስተኛው ጠረጴዛው ላይ የማይነሱ ነገሮች ናቸው። ከመካከላችን ጦርነት ያየ፣ በስደት መንገድ ላይ ሰው የሞተበት አለ። መሪው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደማይነሳ ተጫዋቾቹን ይጠይቃል። ማንም ሰው ምክንያት ሳይናገር «ይህን እንለፈው» ማለት ይችላል፤ ይታለፋል። ይህ በሁሉም ጠረጴዛ፣ በማንኛውም ደንብ አንድ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለንም።

በአማርኛ መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፣ ደግሞ ያምራል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ወሬው አማርኛ። እዚህ ላይ ነው እኔ አንድ ወጥ ነገር አጥብቄ የምፈልገው፤ በቃላቱ ላይ። መጀመሪያ ላይ አንዱ «ዙር» ሲል ሌላው «ተራ» እያለ ብዙ ተደናብረናል። ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት ተስማምተን በአንድ ወረቀት ጻፍን። የሕይወት ነጥብ፣ ጉዳት፣ ዙር፣ ደረጃ። ለየትኛውም ደንብ ያገለግላል።

አማርኛ ራሱ የሚያመጣው ነገርም አለ። የአንዱ ገፀ ባህሪ ደጃዝማች ሲሆን ጠረጴዛው ሙሉ ሳይነጋገር «እርስዎ» ማለት ጀመረ። አንዱ ተጫዋች ሽማግሌውን መነኩሴ «አንተ» ብሎ ሲጠራ መሪዋ ፊቷን አጠቆረች፤ መነኩሴውም ምሥጢሩን አልነገረውም። ዳይስ እንኳ አልተጣለም።

ክለባችን ቀድሞ አንድ ደንብ ብቻ ብሎ ወስኗል። እንዴት እንክፈተው?

ውሳኔውን አታፍርሱ፤ ሰው ይከፋል። በወር አንድ ቀን ጠይቁ፤ ለምሳሌ አራተኛውን ቅዳሜ። በዚያ ቀን አንድ ጠረጴዛ ሌላ ነገር ይጫወታል፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ የተሞላ ወረቀት ያለው። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ይቀጥሉ። ሦስት ወር ስጡት። ከዚያ በፊት ግን መምጣት የተዉ ሰዎች ካሉ ስልካቸውን ፈልጉና ደውሉላቸው። ምን መምራት ይወዱ እንደነበር ጠይቋቸው፤ አራተኛው ቅዳሜ ለእነሱ ይሁን።